የማክሰኚት ሌሊት

ሐሙስ ሲመሽ ብቻ የስፌት መኪናዬ አፉን ይዘጋል፤
የሰው ሱሪ ቀርቶ የሙሽራ ቀሚስ ቅዳሜ ይደርሳል።
ሜትሬን ካንገቴ ላይ ሳላወርድ ወርጄ፣
ከአራዳ ቁልቁል፣ በጃንተከል በኩል፣
እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ እሸጎጣለሁ ጥግ፣
ከጣሰው አጠገብ፣ ከትኬት ቆራጩ፣ ከክፉ ቀን ወዳጄ።

አምስት ናቸው እነሱ፣
ሲጀምሩ እንጂ ሲጨርሱ አይታይ፣ ሰዓት የሚረሱ።
አዛናው ክራሩን ለመብራት ዳረው፤
ማማሩ በቤዙ ወለሉን ነዘረው፤
እንየው ከበሮ፣ አጀበ ሳክስፎን፣
ዘውዱ በኦርጋን ላይ አጎንብሶ ተክዞ፣
አንዱ የጣላትን ዜማ አንዱ ያነሳታል፣
እንደ ወደቀ ጋቢ፣ አራግፎ ይዞ።

ባንቺሆዬ ገብተው በባቲ ይወጣሉ፤
መሀሉ ላይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣
አብረን እንጠፋለን፣ እኛም እነሱም ሁሉ።
"አንድ ዘፈን ሦስት ሰዓት?" ይላል ያልገባው ሰው፤
"እስክስታ የማይወርዱ፣ ግጥም የማይሰጡ፣ ይሄ ምን ሊባል ነው?"
ጌጤነሽም፣ ሚስቴ፣ "መጨረሻ የለውም?" ትለኛለች ሁሌ፤
አፌን ስከፍትላት ራቱ ይቀዘቅዛል፣ ይታጠፋል ቃሌ።

ያልተከተልንበት ገበያ፣ ያላደርንበት መናኸሪያ የለም፤
ቆላ ድባ በሙቀት፣ ዳባት በውርጭ፣
አንድ ጊዜም ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ በአይሱዙ፣ በነጭ ሽንኩርት ጆንያ ላይ፤
ስንመለስ ሦስት ቀን ባልና ሚስት ያጣላን ያ ሽታው አይለቅም።
ሲስተር ባንቺአምላክ ሦስት የሌሊት ተራ ትሰጣለች ለአንድ ሐሙስ፤
ፈንታሁን ባጃጁን አስይዞ ነበር፣ የአዛናው ማጉያ ተቃጥሎ ሲጨስ።
ጣሰው ይጽፋል፣ በመናኸሪያው ደብተር፣ ከኋላው ጀምሮ፣
ቀኑን፣ ቦታውን፣ ርዝመቱን በደቂቃ፣
ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንቅልፍ ወስዶት የት ቦታ እንደ ነቃ።

ከሁሉ ሌሊት ግን አንድ ሌሊት አለ፤
ማክሰኚት፣ ነሐሴ፣ ዝናቡ የጣለ።
መብራት ጠፋ ይላሉ። ክራሩ ዝም አለ። ማንም አልተነሳ።
እንየው በጣቱ የቆርቆሮውን ዝናብ ተከተለው፣ ቀስ ብሎ፣ ጠብታ ሳይረሳ፤
አዛናው ገመዱን ነቅሎ በባዶ ጅማት ገባበት፤
ሻማ የለ፣ ክብሪት የለ፣
የማን እጅ የቱ እንደሆነ ሳይለይ ዜማው ላይ ነጋበት።

አስራ አንድ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ብትቆጥር
ነበርኩ ባዮቹን ማክሰኚት አትችልም፣ ይፈርሳል ያዳራሹ አጥር።
እኔም ነበርኩ ባይ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ፣
ዝናቡን በምላሴ እያንጠባጠብኩኝ፣
ለጋ ለጋ ልጆች "ከዚያስ?" "ከዚያስ?" ሲሉ።

አልነበርኩም።

አርባ ሁለት ዩኒፎርም፣ ቀብዱ የተበላ፣
መስከረም ሲጠባ የሚለበስ ነበር፣ ቀን የሌለው ሌላ።
እግሬ ፔዳሉ ላይ፣ ዝናቡ ጣራው ላይ፣ ቁልፍ ስተክል ነጋ።
ያው አንድ ዝናብ ነው እላለሁ ለራሴ።
አይደለም። እነሱ እዚያ፤ እኔ ጎንደር፣ ከጨርቁ ጋ።

ባለፈው ሐሙስ አንድ የኮሌጅ ተማሪ "ጋሼ፣ ይንገሩኝ" አለኝ፤
ጣሰው ፊት ለፊቴ የጠርሙሱን ወረቀት ይልጣል፣ ቀና ብሎ አላየኝ።
ተረኩ። አማረልኝ። ልጁን እንባ ያዘው።
ጣሰው ወጣ ሲል ደብተሩን ገለጥኩት፣ እጄን ላብ ወረረው።

ነሐሴ አስራ አራት። ማክሰኚት። ሰባት ሰዓት ከሩብ።
አስራ አንድ ስም በጥቁር፤
አስራ ሁለተኛው በሰማያዊ ነው፣ የኔ ስም፣
ከመስመሩ ግርጌ ተጠግቶ፣ ስፍራው ጠበብ።

ቆሞ ነበር ኋላዬ። ደብተሩን ከእጄ ላይ ቀስ ብሎ ወሰደ።
"ጥቁሩ አልቆብኝ ነው" አለ፤ ጎኔ ተቀመጠ፤
እንየው ዱላውን ሁለቴ አጋጨ፤
ዘፈኑም ሄደ።