የኋላ እግር

ሐረጎን ስትወጣ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣
ሽንኩርቷን እንደጫነች፣ በጉም ታጥሮ ሰማይ፣
«ቀጭ!» አለች።
አራጌ ማታ ገብቶ፣ ራት ሲቀርብ የገፋው፣
«መኪናዋ አይደለችም፣ የኔ ወገብ ነው የተሰበረው።»

ጋራዥ የጠየቀን ከዋጋዋ በልጦ፣
በገመድ ጎትተን፣ መንገደኛው ፈጦ፣
ሳላይሽ አስገባናት፤
ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገት እያሰገገ፣
ምክር ብቻ ሰጥቶ፣ እጁን እየሸሸገ።

ደሴ ላይ ሜዳ ግቢ ከየት ይመጣል?
ድንጋይ ካላስደገፍክ ቤትም ይንሸራተታል፣
ልጅ ያመለጠው ኳስ ቧንቧ ውሃ ይገኛል።
እና ድንጋይ ለቀምን፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ጉማጅ፣
አንድ ክሪክ በውሰት፣ ከጎማ ቤት ደጅ።
ጭራዋን ሰቀልናት፣ አፍንጫዋ መሬት፣
እንደሚሰግድ ሰው።

ሌላው ዲፈረንሻል ከቆቦ ነው የመጣ፣
በአይሱዙ አናት ላይ፣ ከማሽላ ጆንያ ጋር፣
ከአንዲት ከተገለበጠች።
ማን ይነዳት ነበር? አልጠየቅንም።
ጭቃውን ስንፍቅ ግን አንድ ጨርቅ አገኘን፣
የቱቦው አንገት ላይ የታሰረ፤
አረንጓዴ ሸሚዝ፣ እጅጌው ከነቁልፉ።
የሆነ ሰው፣ የሆነ ቀን፣ መንገድ ዳር ተንበርክኮ
ዘይቱ እንዳይፈስበት ሸሚዙን ቀደደ።
አራጌ ፈታው፣ አየው፣
መልሶ አሰረው።

ካርቶን አንጥፈን በጀርባችን ተኛን።
አሥራ ስድስት ዓመት ከሠርጋችን ወዲህ
ጎን ለጎን ሆነን ወደ ላይ ስናይ
ይህ የመጀመሪያው ነው።
ኮከብ የለም።
ዝገት አለ፣ የጭቃ ቅርፊት፣
የፍሬን ገመድ ላይ የሸረሪት ቤት፣
ግራሶ ጠብ እያለ ግንባሬን ሲቀባ።

«ወደ ቀኝ!» ይለኛል። «የማን ቀኝ?» እለዋለሁ።
የተኛ ሰው ቀኙን እሱም አያውቀው።
የባሌስትራው እምብርት፣ ያቺ የቡሎን ራስ፣
ከቀዳዳዋ አፍ ደርሳ፣ በሽምብራ ፍሬ ስታ ስትመለስ፣
አንድ ሰዓት። ሁለት።
አራጌ መዶሻ አነሳ።

ይሄኔ ነው ጦይባ፣ የሰፈር ወጌሻዋ፣
የወለቀ ትከሻ፣ ቁርጭምጭሚት መላሿ፣
በአጥሩ ቀዳዳ ሹልክ ብላ የገባች፦
«ተው አትምታው! ሰው ቢሆን ጮኾ ይነግርህ ነበር፣» አለች።
ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣
ቢስሚላሂ ብላ ክንዷን አስገባች፣
ዓይኗን ጨፈነች።
ብረቱን ዳበሰችው፣ እንደ ልጅ ዳሌ፣
ግራውን ትንሽ ሳብ፣ ቀኙን ትንሽ ገፋ።
«ክሪኩን ዝቅ፣ ጥቂት። ያዝ።
አሁን ቀስ ብለህ ከፍ። አትተንፍሱ።»

ቷ።

ትንሽ ድምፅ ነው። ጥፍር በር ሲነካ ያህል።
«ገባ፣» አለች። እጇን በኬሻ ጠረገች፦
«ብረትም እንዳጥንት ቤቱን የሚያውቅ ነው፣
መዶሻና ጥድፊያ ነው መንገድ የሚያስተው።»
ገንዘብ ብንሰጣት ሳቀች፤
«ለመኪና አላስከፍልም፣
ስትድን ግን ገበያ በነጻ ነው የምሄድ።»

ከዚያ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ትራስሚሲዮን በቦታው፣
ዘይት በጀሪካን፣ ግማሹን መሬት የጠጣው።
ሰዓዳ መሪ ላይ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ፍሬኑን ልትረግጥ ከወንበር ወርዳ በደረቷ፦
«ርገጪ!»
«ረገጥኩ!»
«ያዢ!»
«ያዝኩኝ!»
«ልቀቂ!»
አየሩ በቱቦው ፊስ እያለ ወጣ፤
የቆየች እስትንፋስ።

ጦሳ ጉሙን ሲያወርድ ዕቃ ስንለቅም
አንድ ቡሎን ተረፈ።
ረጅም፣ ጤነኛ፣ ጥርሱ ያልተበላ።
አራጌ ቡሎኑን አየ። እኔን አየኝ።
«የቆቦዋ ይሆናል፣» አልኩት።
«የቆቦዋ ነው፣» አለ፣ በጣም ቶሎ፣
ኪሱ ከተተው።

ነገ ሐረጎን ሲወርድ
ከጎኑ እቀመጣለሁ፣
ለሽንኩርቱ ብዬ አይደለም፣
ጆሮዬን ወደ ኋላ አቁሜ።