ተመርቀዋል

መዝገቡ እኔ ጋ ነው፣ ማኅተሙም እኔ ጋ፤
ስም እጠራለሁኝ ሰኞ ሰኞ ሲነጋ፣
ሽምብጥ፣ ከቀበሌው፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ወረቀቴን ይዤ ከሐይቅ ነፋስ ስዋጋ።

ሰልፉ ከበር ወጥቶ ዋርካዋን ይዞራል፤
ሰው ሲደክመው ድንጋይ፣ ጀሪካን ይቆማል፤
አንድ ነጠላ ጫማ፣ ባለቤት የሌለው፣
ከሌሊት ጀምሮ ተራው አምስተኛ ነው።

ዘይት ሲመጣ ዘይት፣ ስኳር ሲኖር ስኳር፤
ሁለቱም ሲጠፉ "ነገ" የሚል ነገር።
ነገን የምሰፍርበት ጣሳ ባገኝማ
እሷንም በተራ ባደልኩኝ ነበር።

ሠላሳ አራተኛ፣ ባንቻየሁ ጥጋቤ።
ያባቷን ስም ስጠራ ሰልፉ ፈገግ ይላል።
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣
የዘንባባውን መንገድ፣ እንደ ተዘጋ በር፣
በመጥረጊያዋ ጫፍ ስትከፍተው ነበር።
መስከረም ሲጠባ በጭነት መኪና
ከጓደኞቿ ጋር ሐይቁ ዳር ተራግፋ፣
እስከ ወገቧ ገብታ እምቦጭ ስትነቅል፣
"ይህ አረም እኛን ነው" ትላለች፣ "እዩት እስቲ፤
ማታ ነቅለው ጥለውት ጠዋት ይበቅላል።"

ወር ሲደርስ ስልኳ ጢጥ ይላል፤ ፊደል ስላልቆጠረች
መልእክቱን እኔ አነባለሁ። "ስንት ይላል?"
ስነግራት ጣቶቿን አንድ አንድ ታጥፋለች፤
ትንሿ ለኪራይ፣ ቀጥላ ለወፍጮ፣
መሐሏ ለልጇ ለሳሉ መድኃኒት፣
ሌባ ጣት ለባለሱቁ፣ ለቆየው ዕዳ።
አውራ ጣቷ ብቻ ቀጥ ብላ ትቀራለች።
"ይቺስ?"
"እሷን ተዋት። እሷ የኔ ናት።"

እሷ "መንግሥት" ስትል ወደ እኔ ታያለች።
እኔ "መንግሥት" ስል ወደ ጣራው አያለሁ፤
ደመወዜ ወሩን አይሻገርም እኮ፣
በአሥራ አምስት ቀኑ ዱቤ እገባለሁ።
ማን ይሙት፣ አንዳንዴ፣ ማኅተሙን ስመታ፣
ከሰልፉ መጨረሻ ራሴን አያለሁ።

ሐምሌ ላይ ደብዳቤ ከክፍለ ከተማ መጣ።
በስሟ ትይዩ አንዲት ቃል ተጽፋ፦
"ተመርቀዋል።"

"ምንድን ነው?" አለችኝ።
"ጊዜዎ አበቃ፤ ራስዎን ችለዋል ነው።"
"ማነው ያለው?"
"ወረቀቱ።"

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ሰልፉ እስኪዞር ድረስ።
"ጥቁሩ ካባስ የታለ? አበባውስ?" አለች።
(በየዓመቱ ሐምሌ፣ ባለዲግሪዎቹ
ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነሥተው ሲበተኑ፣
የረገፈ አበባቸውን
በነጋታው የምትጠርገው እሷ ነበረች።)

መዳፏን ዘረጋች። "እንግዲያው ተመርቄ
ሳልመርቅ አልሄድም።" ሰልፉ ቆብ አወለቀ።
"ወንበርህ አይናጋ፤ ቀለምህ አይድረቅ፤
ስምህን የሚጠራ አትጣ፣ ልጄ፤
የሚጠራህም ሰው ይሁን፣
ወረቀት አይሁን።"
"አሜን" አለ ሰልፉ፤
ድንጋዩም፣ ጀሪካኑም፣ ያ ነጠላ ጫማም።

በቀጣዩ ሰኞ ሠላሳ አራት ስደርስ
ልማድ ሆኖብኝ ጠራሁ። አቤት ያለ የለም።
ሠላሳ አምስተኛው አንድ እርምጃ ተጠጋ።

ነሐሴ አሥራ ሰባት። ዝናቡ ሲያባራ
ከዘንባባው ሥር፣ ራሷ ከጠረገችው፣
ከሰል እያራገበች የበቆሎ እሸት ስትጠብስ አገኘኋት።
ሽታው ጎተተኝ። ኪሴን ዳሰስኩ። አየችኝ።
"ለመንግሥት ዱቤ የለም" አለች፣
ትልቁን መርጣ በቅጠሉ ጠቅልላ
እያቀበለችኝ፤
ከዚያ አውራ ጣቷን አየት አደረገችና
ቀስ ብላ አጠፈቻት።