የሥራ ልምድ ማስረጃ

«አራት መስመር ይብቃው» አለኝ ሥራ አስኪያጁ፣
ማኅተሙን አቅርቦ፣ ብዕሩም በእጁ፤
«አቶ ጥላዬ እንግዳ፣ በሽመና ክፍል፣
ከስድሳ አንድ ጀምሮ…» ጻፍሁ እንደሚል።

የደብረ ብርሃን ውርጭ መስኮቱን ነክሶታል፣
ከደጅ የቆመው ሰው ጉልበቱ ከድቶታል።

እኔ ግን አለኝ ሌላ መዝገብ፣ ዳሩ የተበላ፣
ከክር ሒሳብ ጀርባ፣ ከመጋዘን ኋላ፤
ሁለት ኳስ፣ አንድ ፓምፕ፣ አሥራ አራት ማሊያ፣
አንድ ኩንታል ኖራ ለመስመር ማስመሪያ፤
ከዚያ በታች ደግሞ፣ በቀይ ቀለም ሰፍሬ፣
ጎሎቹን አኖርሁ፣ ፍሬ በፍሬ።

የመሐል አጥቂ ነው።
ሌሊት ማሽን ሥር ነው፣ ቀን ከሜዳ መሐል፣
ጆሮው ላይ የሱፍ ብናኝ በረዶ ይመስላል፤
ቀጭን ነው፣ ኮስማና፣ ነፋስ የሚገፋው፣
ግራ እግሩ ሲነሣ በረኛው የሚጠፋው።
ቅዳሜ ከሰዓት የጠባሴ ወፍጮ ይቆማል፤
ባለወፍጮው ዱቄቱን ሳያራግፍ ይመጣል።

መሐል ሜዳ ላይ ሦስት፣ ደብረ ሲና ሁለት፣
ሸዋ ሮቢት አራት፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፤
በሱፍ ጭነት መኪና፣ ከረጢት ላይ ተኝተን፣
ለጣርማ በር ዋሻ ጩኸታችንን ሰጥተን።

አንዴም ከአዲስ አበባ ሰው መጣ በላንድሮቨር፣
ወሰደው።
ሦስት ወር ተቀምጦ በተቀያሪ ወንበር፣
በበግ መኪና ተመለሰ፣ ከበጎቹ ጋር።
«ምነው?» ብንለው፣
«የዚያ አገር ሜዳ» አለ፣ «ውርጭ አያውቅም ለካ፤
ኳሷ ድምፅ አትሰጥም፣ ብትመታም፣ ብትነካ።»

ጉልበቱን የሰጠው በነሐሴ ጭቃ፣
በሬሳ ወንዝ ማዶ፤ ድምፁን ሰማሁ፦ «ቃ!»
ከዚያ ወዲያ ማሽን ብቻ። ሠላሳ ዓመት ማሽን።

ሥራ አስኪያጁ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።
«ስንት ይላል መዝገብህ?» አለኝ ከደጅ ገብቶ።
«ሰማንያ ስምንት» ስል፣ ቆየ አንገቱን ደፍቶ።
«አንዷን ሰርዝልኝ።»
«የቷን?»
«የመዘዞዋን። ያን ለት ጉም ወርዶ ነበር፣
ዳኛው እንኳን እኔን፣ አያይም የራሱን እግር፤
በእጄ ነው ያገባኋት።
ማንም አላየኝም። ጉሙ ግን አየኝ።»

ምን ልበለው?
ያን ለት ከጎሉ ጀርባ፣ ኳስ ልለቅም ቆሜ፣
እጁን አይቻለሁ፤ ጽፌያለሁ በቀለሜ።

ቀዩን ብዕር አነሣሁ። አንዷን ፍሬ ሰረዝሁ።
ከአራቱ መስመር ሥር፣ ከማኅተሙ በላይ፣
«በተጨማሪም፣ ሰማንያ ሰባት» ብዬ ጻፍሁ፤
ሥራ አስኪያጁ ተመልሶ «የምን?» ሲለኝ፣
«የብርድ ልብስ» አልሁ።

«በዚህ ሁሉ ዘመን? ሰነፍ ነበር ማለት ነው!»

ጥላዬ ከደጅ ሰምቶ ሳቀ፤
ከአፉ የወጣው ጉም መስኮቱ ላይ ቀረ።