ዳባ ለባሽ ጆሮ

ፒያሳ፣ ከጣልያኑ ሕንፃ ጀርባ፣ ከደረጃው ታች፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፣ ፍራሽ የለበሰች።
መስኮቷን በጋቢ፣ በሯን በብርድ ልብስ ጠቅጥቄ፣
የባጃጅ ጡሩንባ እንዳይገባ አንቄ፣
ድምፅ እለቅማለሁ፣ ጠጠሩን ከፍሬ፣
በአሮጌ ማዳመጫ፣ ወገቡን በፕላስተር አስሬ።

ባለፈው ማክሰኞ ግራ ጎኑ ሞተ፤
ዘፈን ሁሉ ወደ ቀኝ ዘመመ፣ እንደ ሰካራም
ግድግዳ ተጠጋ፣ እዚያው ተጎለተ።

ወጣሁ። አሥራ አንድ ሺህ ብር ለሁለት ኪስ ከፍዬ
(ግማሹ የኪራይ ነው፣ ለአከራይዋ «ሰኞ» ብዬ)፣
በስልኬ አንድ ቅጂ ይዤ፣ ገና ያልተነካ፣
የአባባ ቢያድጌን ማሲንቆ፣ ያልታጠበ፣ ያልተለካ።

አራዳ፣ ሰይፈዲን ሱቅ፣ ከጫማ ሰፊዎቹ ጎን።
«እህቴ፣ ይኼ ነው! ቤዙ ብቻውን ቤት ያፈርሳል!»
አጠለቅኩት። እውነትም ያፈርሳል።
ያቺ አንዲት ጅማት የሠርግ ከበሮ ሆነች፣
የሽማግሌው ሳል እንኳ ጮማ ለበሰች።
ደግ ውሸታም ነው፣ ሰው የማያስከፋ፤
ለመንገደኛ ይሁን፣ ልቡ ለጠፋ።
በዚህ ቀምሼ የሠራሁት ዘፈን
በሰው ቤት ሲከፈት አልጫ ነው የሚሆን።

ሁለተኛው ጀርባው ወንፊት ነው፣ ነፋስ ይገባዋል፤
ድምፁ ጆሮ ውስጥ ሳይሆን ደጅ ላይ ቆሞ ያወጋል።
ማሲንቆው ወዲያ ማዶ፣ ሰውየው ወዲህ፣ መካከላቸው ሜዳ።
ወደድኩት።
ግን ወንፊት ምስጢር አይቋጥርም፤
በዘፋኝ ጆሮ ያኖርኩት ምት አፈትልኮ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣
ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ፣
ከእንጉርጉሮው ሥር እንደ ሌባ ይራመዳል።
ለሌሊት ነው እሱ፣ ከተማው ሲተኛ፣ ብቻዬን ስቀምም።
ዋጋውን ሰይፈዲን በሹክሹክታ ነገረኝ፤
እኔም በሹክሹክታ መለስኩለት።

ሦስተኛው ከታች ነበር፣ አቧራ የጠጣ፣
ግራጫ፣ እንደ ቀበሌ ወንበር፣ ለመልክ ያልወጣ።
«ተይው እሱን፣ የሚጠይቀው የለም» አለኝ።
አጠለቅኩት። መነጽሬን አልጨቆነም፣ ጆሮዬን ከነአጥንቱ አቀፈኝ።
ስድስት ሰዓት የሚለበስ ነገር እንደ ጫማ ነው፤
ቆመሽበት እንጂ አይተሽው አታውቂው።

ጭራ ጭራን ሲያሽ ሰማሁ።
የጣቱን ጥፍር። የወንበሩን ሲጥሲጥታ።
ከአጥር ውጪ፣ በጣም ሩቅ፣ አንዲት አህያ።
ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ አንድ ትንፋሽ፣
ረጅም፣ ገና ላልመጣ ስንኝ የተሳበ፤
ከዚያ የኔ ድምፅ፣ ቀጭን፣ የቸኮለ፣
«በቃ አባባ፣ ጥሩ ነው»
እትንፋሹ ላይ ሲቀመጥበት።
ስንኙ ተመልሶ ሲዋጥ ሰማሁ።
መብራት ይጠፋል ብዬ ነበር።
የዚያን ቀን አልጠፋም።

ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል ሰው፣ ላለመስማት ሲያስብ፤
እኔ ግን ለብሼ ሰማሁ፣ ጥቁር ቆዳ፣ በክብ።

«ይኼን ስጠኝ።»
«ቤዝ የለውም እኮ!»
«ይሉኝታም የለውም።»

ሐሙስ አባባ ቢያድጌ መጡ፣ ከቀሃ ማዶ፣ በእግር።
ከቆባቸው በላይ ሳጠልቅላቸው እንደ በቅሎ አንገታቸውን ነቀነቁ።
«አንዱን ጆሮ ተይልኝ፣ ለማሲንቆዬ፤
ትቀየመኛለች።»
ተውኩ። በዚያ በኩል ድምፁን ዘጋሁት፣ እንዳያፈስ።
ለኔ አሮጌው ቀረኝ፣ ግማሽ ሬሳው፤
በቀኝ ጆሮዬ ብቻ እከተላቸው ጀመር።

አንደኛው ስንኝ። ሁለተኛው።
ሦስተኛው አለቀ። ትንፋሽ ሳቡ።
ደጅ ላይ ባጃጅ ጮኸ።
ይጩኽ።
አፌን በእጄ ይዣለሁ።