ለወለደች

ቡሬ፣ ከዱቄት ፋብሪካው፣ በሩ ዝቅ ካለው ቤት፣
እኔ ነኝ የምቀመጥ፣ ከፈቃዱ መዝገብ ፊት።
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲወርድበት ሰው አያሰማም፤
ሐምሌ ላይ የመጣ ጮሆ ነው የሚነግረኝ፣ ደስታውንም ሐዘኑንም።

ሚስቱ ለወለደች፣ ለአባትየው ሦስት ቀን፤
ልጁ ለሞተበት፣ ለእሱም ሦስት ቀን፤
ደመወዝ ሳይነካ።
እኩል መሆናቸውን ልብ ያልኩት ዘንድሮ ነው ለካ።

እንየው ማክሰኞ መጣ፣ ከማሸጊያው ክፍል፣
ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣ ሽበት የሚመስል።
«ይታይሽ ተገላገለች፤ ወንድ ነው» አለና፣
እስክሪብቶዬን በግራ እጁ ያዘ፤ ቀኙ የት እንዳለ ጠፍቶት ነበርና።

ረቡዕ። ሐሙስ።
ዓርብ ከቀትር በኋላ መጣ፤ ዱቄት የለበትም።
ፈቃዱ አላለቀም፤ ምን አመጣህ አላልኩትም።
ያን ሰዓት አባርቷል፤ ጣሪያው ዝም ብሏል፤
እሱ ግን ጮሆ ነው የነገረኝ፤ ዝናብ ያለ መስሎታል።

አቶ ገደፋው ክፉ አይደለም፤ ቀን መቁጠሪያ ገልጦ፣
«ይኼ ዓርብ የልደት ነው ወይስ የሐዘን?» አለኝ፣ መነጽሩ ካፍንጫው አምልጦ።
«ሁለት ፈቃድ ባንድ ቀን አይውልም።»
እውነቱን ነው፤ አይውልም።
ዋለ እንጂ።

አገሬ ቀን ሲቆጥር ከመሥሪያ ቤት ይረዝማል፤
ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ፣ ክርስትና ይነሣል፤
ለሞተም እንዲሁ፦ ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣
መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ለነፍስ መሸጋገሪያ።
የእንየው ልጅ ግን ስም እንኳ አልወጣለትም፤
ለአርባው ሳይደርስ ሄዷል፤ አርባ አይወጣለትም።
ለቄሱም ለእኔም ከመዝገብ ውጭ ሆነ፤
አራት ሌሊት ኖሮ፣ ከሁለታችንም ቆጠራ ባከነ።

ይታይሽም የኛው ናት፣ ከማበጠሪያው ክፍል።
«ልጁ ከሌለ ግን፣ ዘጠናውን ቀን ምን ልትሆን ነው የምታርፍ?» አለ ገደፋው፣ ዝቅ ብሎ ድምፁ፤
አንቀጹን አነበብኩለት፣ ጣቴን አሳርፌ ከገጹ።
«ለወለደች» ይላል እንጂ «ላደገላት» አይልም።
ወልዳለች። ወተቱም መጥቷል፤ ልጅ የለም ብሎ አይቀርም።
ጡቷን በሻሽ አስራ ግድግዳ ታያለች አሉ፤
ዘጠናውን ጻፍኩላት፣ ከነደመወዙ፣ ሙሉ።
ኮራሁ በዚያን ዕለት፣ ባንዲት ቃል ሰው ማዳኔ፤
እስከ ሳምንቱ ድረስ፣ ውዴ እስክትቆም ከጎኔ።

ውዴ ጽዳት ናት። ያቀፈቻት የእህቷን ልጅ ነው፤
እናቷ በምጥ ሞታ፣ ሕፃኗ ዘጠኝ ቀኗ ነው።
በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቷን ማር ነክራ አጥብታለች፤
«የጡቴ ልጅ ናት» ብላ፣ ወንጌል መትታ ምላለች።
«ፈቃድ ስጭኝ» አለች፤ «ይችን ለማን ጥዬ ልምጣ?»

መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ያው ገጽ፣ ያው አንቀጽ፣ ያው ቃል፤
«ለወለደች» ይላል። «ላሳደገች» የሚል ከየት ይመጣል?
አምና አይደለም፣ ባለፈው ሳምንት ቁልፍ የነበረው፣ ዛሬ መቀርቀሪያ ሆነ፤
ለአንዷ በር ከፍቶ፣ በአንዷ ላይ ከደነ።
ከዓመት ዕረፍቷ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር፤ እሱን ጻፍኩ፤
ስለ ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ጠየቀችኝ፤ አልመለስኩ።

አንድ ነገር ግን ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤
አንዷ ጡት ታስራለች፣ አንዷ ጡጦ ታጥባለች፣ ባንድ መንደር።
መንገዱን ባሳያትስ?
ሐዘንተኛ ደጃፍ፣ የሰው ልጅ አቅፈሽ ግቢ የምል እኔ ማን ነኝ?
ዋጥኩት። እስከ ዛሬ አልወረደልኝ።

ማታ መዝገቡን ልዘጋ ተቀመጥኩ።
«ምክንያት» የሚለው ሳጥን ጠባብ ነው፤ ከአንድ ቃል በላይ አይችል።
እንየው፦ ልጅ።
ይታይሽ፦ ልጅ።
ውዴ፦ ልጅ።
ገደፋው ፈረመ፤ የትኛው የሞተ፣ የትኛው ያለ እንደሆነ ሳይጠይቀኝ።
የዓርቧን ቀን ባዶ ተውኳት፤
ኦዲተር ይምጣና ይጠይቀኝ።