እዚህ ላይ ዝም ይላል

ላሚሶን የማውቀው በጀርባው ነው እኔ፤
ከመጋረጃ ሥር፣ ጽሑፉ በጭኔ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቃል ሲጠፋው ሳቀብል
አንድም ቀን አልሰማሁ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲል።

ሬሳ ሆኖ ጀመረ፤ ሬሳው አነጠሰ፣
የሐዋሳ አዳራሽ በሳቅ ፈራረሰ።
ቀጥሎ ዘበኛ። ከዚያ ዳኛ ሆነ፤
በጥቁር ካባ ውስጥ ድምፁ ተጀነነ።
ፒያሳ ላይ ሁለት ባጃጅ ቢላተሙ
«ክቡር ዳኛ» ብለው ሾፌሮቹ ቆሙ፤
ፈረደ በድርሰት፤ ታርቀው ተለያዩ።

ቀን አሞራ ገደል ዓሣ ይመዝናል፣
ሌሊት በደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጽፋል፤
ገጹን ስገልጠው ቆሮሶ ይሸታል።
ሰባት ተውኔት ጻፈ። ሁለቱን አይጥ በላ፤
አንዱን ባህል ቢሮ «ይታይ» አለው ኋላ፤
ለአራቱ እኔ ነበርኩ ሹክታው ከጥላ።
ለሌላ ሰው እንጂ ለራሱ አይጽፍም፤
«ደራሲ ቢጫወት ቃሉ አይታመንም።»

እስከ ዘንድሮ ክረምት።
ደራሲውም እሱ፣ ተዋናዩም እሱ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ ከራሱ
መሐል መድረክ ቆመ።
ጸጥ አለ። አሁንም ጸጥ።
አንዱ ከኋላ ሳለ፤ ወንበር ተንቋቋ፤
ከንፈሬ ተዘጋጀ፣ የቱን ቃል ልወርውር?
ጠፋው ብዬ ባበራ፣ በእርሳስ፣ ከገጹ ጫፍ፦
«እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ ጥሩወርቅ እስክታርፍ።»

ዝናቡን ሰማሁት።
ባትሪዬን አጠፋሁ።