ሁለት ቋጠሮ

የጅማ ሰማይ ጃንጥላ ይፈጃል፤
ሽቦው ቶሎ ይሰበራል፣ ጨርቁ ግን ይበጃል።
ሂርማታ ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ፣
አሥራ አንድ ስባሪ ስገዛ
ሻጩ ሳቀ፦ «ለማን ልትሸጪው ነው፣ ልብስ ሰፊ ዘኪራ?»

አባቴ ሙዘሚል፣ የአይሱዙ ሾፌር፣
የጊቤ ቁልቁለት ወገቡን ሰብሮት ሲቀር፣
እግሩ በምርኩዝ ተመልሶ መጣ፤
ከወገብ በታች ያለው ግን
ከዚያ ወዲያ ፈቃድ ጠይቆ አልወጣ።
ሦስት ዓመት ከደጃፍ አላለፈም፤
ለጠየቀው ሁሉ «ብርድ ነው» ይላል እንጂ
ጉዱን አያወጣም።

ሐኪሟ ዘንድሮ «ውሃ ውስጥ ይራመድ» ስትል ጻፈችለት፤
ሆቴሉ ገንዳ አለው፣ ሐሙስ ጠዋት ሰው የማይበዛበት።
«ውሃ ውስጥ?» አለና አጠፈው ወረቀቱን፤
ከትራሱ ሥር ሸጎጠው፣ እንደ ዕዳ ደብዳቤ፣
ወደ ግድግዳ አዙሮ ፊቱን።

ሌሊት ነው የሰፋሁት፤
ቅርጹን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ አወጣሁት።
ከውጭ የጃንጥላ ጨርቅ፣ ከውስጥ ያረጀ ፎጣ፣
ወገብና ጭኑ ላይ ላስቲክ፣
ሲላላ የሚያፈስ፣ ሲጠብቅ ቆዳ የሚያስቆጣ።
በጎንና በጎኑ አራት አራት ቁልፍ፣
እግር ማንሣት ላቃተው ተኝቶም እንዲቆለፍ።
ጥቁር ክር አለቀብኝ፤ በቢጫ ጨረስኩት፤
ማን ሊያየው ብዬ ነው፣ ከቁምጣ ሥር ለሚደበቅ ስፌት።

ጎረቤቴ ሲቲና በመስኮት አየችኝ፤
«ምንድን ነው?» ስትለኝ «የወንበር ልብስ» አልኳት።
ወንበር ጭን አለው ወይ ብላ አልጠየቀችኝ።

የመጀመሪያው ከሸፈ።
ራሴ ለብሼው ሳፋ ውስጥ ብቀመጥ
ፎጣው ጠጣ፣ ጠጣ፣
ስነሣ ሳፋው ጎደለ፣ እኔ ከበድኩ።
ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄ መሀል ላይ
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አለቀስኩ።
ያኔ ነው የገባኝ፦ የገንዳ ልብስ አይመጥም፤ ይይዛል።
ውሃን ከውሃ ማን ይለያል?
የሚይዘው ሌላውን ነው፣ ሰው የሚያፍርበትን።
ፎጣውን ፈትቼ አወጣሁ፤ ስስ ገበር አስገባሁ፤
ላስቲኩን ደገምኩት፣ ጭኑ የሚያልፍበትን።

ወሬው በየት እንደወጣ አላውቅም።
አንድ ማታ አንድ ልጅ ሲባጎ አመጣ፣ ሁለት ቋጠሮ ያለበት፤
«እስከዚህ ወገብ፣ እስከዚህ ጭን» አለኝ።
ስም የለበት፣ ሰፈር የለበት።
ሌላም መጣ ከመንደራ፣ ሌላም ከጊንጆ፣
አንዱ ከአጋሮ፣ በሚኒባስ፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ተጠቅልሎ።
አንዷ የጭን ልኳ ከእኔ ክንድ ብዙ አይበልጥም፤
ምጥ ያሰነበታት ልጅ ትሆን አልኩ በልቤ፤ አልጠየቅሁም።
ሲባጎዎቹን ምስማር ላይ ሰቀልኳቸው፤
ፊታቸውን አላውቅም፣
መንገድ ላይ ሰላም ብንባባልም አለየኋቸው፤
ወገባቸውን ነው የማውቃቸው።

ሐሙስ።
አባቴ ከላይ ሰፊ ቁምጣ፣ ከሥር የእኔን ለብሶ
ደረጃው ላይ ቆመ፣ ዙሪያውን በዓይኑ አስሶ።
ውሃው ቁርጭምጭሚቱን፣ ውሃው ጉልበቱን፣
ውሃው የተሰበረውን ወገቡን ያዘው።
ምርኩዙን አቀበለኝ።
ሦስት ዓመት ሙሉ እጁን ባዶ አላየሁትም ነበር።
አንድ እርምጃ። ቆመ። ሌላ እርምጃ።
«ዘኪራ» አለኝ። ልቤ ቆመ።
«ላስቲኩን ትንሽ አላልተሽ ብትሰፊው።»

ከወዲያኛው ጠርዝ አንዲት ልጅ፣
ረጅም ቀሚሷ ውሃ ላይ ተንሳፎ፣
ስትዞር ገለጥ አለና አየሁት፦
ቢጫ ክር፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ አልፎ።
ስፌቴን አውቀዋለሁ።
እሷም አባቴን አየች፣ የቁምጣውን ጫፍ፣ እኔን።
ቀሚሷን ልትስብ እጇን ዘረጋች፤
ከዚያ ተወችው።

ዝናቡ ጣለ፣ የጅማ ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ።
ዘበኛው ወደ ጥላው ሮጠ፤
ከገንዳው ግን ማንም አልወጣ፣
ከዚህ በላይ ላይረጥብ፣ ከዚህ በላይ ላይደብቅ።
ጃንጥላውን ሲዘረጋ ሽቦው አንድ ጎኑ ታጥፏል፤
ጨርቁን በዓይኔ ለካሁት፤
ለሁለት ሰው ይበቃል።